ክምሩና ፍንጣሪው

ማሾ የወቃ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ፍሬዋ ታዛዥ አይደለችም። ጤፍ ከበሬ ኮቴ ሥር ይተኛል። ማሽላም ብትሸሽ ሩቅ አትሄድም። የማሾ ቅርፊት ግን ፀሐይ ሲያገኘው ተሰንጥቆ ይጠማዘዝና አረንጓዴዋን ፍሬ እንደ ጠጠር ይወረውራታል። በኛ በቆላው ሙቀቱም ስለሚያግዛት ከአውድማው ዳር አልፋ ሣር ውስጥ ትገባለች። ሠላሳ ዓመት ማሾ ስወቃ ያንን ፍንጣሪ የሰነፍ ሠራተኛ ጥፋት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ተሳስቼ ነበር። ያረመችኝ የገዛ ልጄ ናት። ሰው በልጁ ሲታረም ነገሩን ዝም ብሎ ማለፍ ይወዳል፤ እኔ ግን ልጆቼ ሲሳሳቱ ዝም ብዬ አላለፍኳቸውም፣ ስለዚህ የራሴንም መጻፍ አለብኝ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝ ልጆቼ የጨረሷቸው መጻሕፍት ናቸው። ከአራቱ ልጆቼ አንዱ ክፍል ባለፈ ቁጥር የተወውን መጽሐፍ አነሳና ከሽፋን እስከ ሽፋን አነባለሁ። ከዘጠነኛ ክፍል በላይ ያሉት በእንግሊዝኛ ስለሆኑ ልጆቹ እያነበቡ በአማርኛ እንዲነግሩኝ አስገድድ ነበር። ራት ሳይቀርብ በፊት አንድ ገጽ፤ ሕጉ ይኼ ነበር። የነገሩኝ ነገር እርስ በርሱ ካልተያያዘ እቆጣለሁ፤ በአርጩሜ የመታሁበትም ቀን አለ። ስበት የሚባለውን፣ ፀሐይ ምድርን እንዴት አስራ እንደያዘቻት፣ ኮከቦችም በቢሊዮን ሆነው በየጋላክሲያቸው እንደሚሰበሰቡ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው።

ካወቅሁት ውስጥ አንዱን ቆርጬ የራሴ ምሳሌ አደረግሁት፤ «ኮከብ እንኳ ቤቱን አይለቅም» የሚል። ልጅ አምሽቶ ሲገባ ይህችን ምሳሌ እላታለሁ። ሠራተኛ ውል ሲያፈርስ እላታለሁ። ከሶላት በፊት ከሰው ጋር ስንጨዋወትም እላታለሁ፤ ሰውም ይወዳት ነበር። የበኩር ልጄ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ እርሻ ትቶ ጀውሃ ከመኪና ሠራተኞች ጋር ልዋል ባለ ጊዜ፣ አውድማ ላይ፣ ሰው እየሰማ ያልኩት ይህንኑ ነው። ቤቱን የሚለቅ ኮከብ የለም፣ የሚለቅ ካለ ኮከብ አይደለም፣ አልኩት። ልጁ መንሹን መሬት ላይ አጋድሞ ሄደ። ጀውሃ በሚኒባስ ከኛ ሩቅ አይደለም። ስምንት ዓመት ግን ደጃችንን አልረገጠም፤ እኔም አልሄድኩም። የጭነት መኪና ሸራ እንደሚሰፋ በሰው ሰምቻለሁ።

ያረመችኝ የመጨረሻዋ ልጄ ናት። ከሁሉም ይልቅ ገጽ ስታስረዳኝ የኖረችው እሷ ስለነበረች ይሆናል፣ ፊዚክስ ተማረች፣ ከዚያም ሁለተኛ ዲግሪዋን በሥነ ፈለክ ያዘች። ባለፈው ጥቅምት፣ ማሾው ታጭዶ ተከምሮ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ መጣች። ለሦስተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ተቀብለዋታል፤ እስከ ዓርብ እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብላ መልስ መስጠት አለባት። እዚሁ ሸዋ ሮቢት ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ቦታውን ያናገርኩላት እኔ ነኝ። የመጣችበትን ከነገረችኝ በኋላ እንዲህ አለች፤

«እርስዎ ዱዓ ካላደረጉልኝ አልሄድም፣ አባ። ግን እዚህ ብቀር ተከፍቼ ነው የምቀረው። አልዋሽዎትም።»

የማይገባኝን ነገር አልመርቅም አልኳት። የምትማረውን እስከ ዓርብ ድረስ ካስረዳሽኝ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ካላስረዳሽኝ ትምህርት ቤቱ ይጠብቅሻል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ተስማማች። ቃሌን አጥፌ እንደማላውቅ ታውቃለች፤ እኔም ቃሌ ወዴት እንደሚወስደኝ ሳላውቅ ነው የሰጠሁት።

በዚያው ቀን ከዝሁር ሶላት መልስ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስልኳን ሰጠችኝ። ጥቁር ምስል ነው። መሐሉ ላይ ድልብ ያለ ብርሃን አለ፤ ዙሪያውን ትንንሽ ነጥቦች ተዘርተዋል። በድልቡ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ እንደ ጭጋግ ያለ ነገር ተለጥፏል። በሽርጤ ጫፍ ጠረግሁት። አልለቀቀም። እፍ ብዬ እንደገና ጠረግሁት።

«ቆሻሻ አይደለም፣ አባ» አለች። «የምማረው እሱን ነው።»

ጥቂት በጥቂት፣ እንደ ድሮው ገጽ በገጽ ነገረችኝ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ጋላክሲ ናት፤ እኛ የምንኖርባት ፍኖተ ሐሊብም እንደነሱ አንዷ ናት። ጋላክሲዎች በመቶም በሺህም ሆነው በአንድ ስበት ተይዘው ሲኖሩ ዘለላ ይባላሉ። ከዘለላው መሐል ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ አለ፤ እሷ አውራው ትለዋለች። ጭጋጉ ደግሞ ከአውራውም ከሌሎቹም ያልሆኑ፣ በጋላክሲዎቹ መካከል ባለው ሜዳ የተበተኑ ኮከቦች ብርሃን ነው። ብትን ብርሃን። ማታ ወጥተን እንየው ብላት ሳቀች። በዓይን አይታይም፤ ሰማዩ ባዶ ነው ከምንለው ቦታ ከሚመጣው ብርሃን እንኳ እጅግ ይደክማል። ትልልቅ የሩቅ ማያ መነጽሮች አንድ ቦታ ላይ ረጅም ሰዓት አፍጥጠው፣ ብዙ ምስል አንዱን ባንዱ ላይ ደርበው ነው የሚያገኙት።

«እነዚህ ኮከቦች የማን ናቸው?» አልኳት።

«የማንም ጋላክሲ አይደሉም።»

«ቤት የላቸውማ።»

«ነበራቸው» አለችና ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «ለቅቀው ነው።»

ምሳሌዬን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማ ያደገች ናት፤ የምትለውን አውቃ ነው ያለችው። ተቆጣሁ። ያ ሁሉ ጥራት ባለበት ሰማይ ፍንጣሪ አለ ማለት የሠራውን መስደብ ነው አልኩ። ፍንጣሪ የሚመጣው ከግዴለሽነት ነው፣ የተጠነቀቀ ሰው ክምር እንጂ ፍንጣሪ አይኖረውም። እሷ አልተቆጣችም። አውራውን ያሳደገው ነገርና ኮከቦቹን የበተነው ነገር አንድ ነው አለች። ትንንሽ ጋላክሲዎች በስበት ተስበው ወደ መሐል ይወድቃሉ፤ ሲወድቁ ይሰባበራሉ፤ ከስብራቱ ከፊሉ አውራው ላይ ይከመራል፣ ከፊሉ ዙሪያውን ይበተናል። አውራው በአንድ በኩል፣ ብትኑ በሌላ በኩል ለየብቻ የተሠሩ አይደሉም። አብረው ነው የተሠሩት።

«ነገ ውቂያ ነው» አልኳት። «ፍንጣሪ የሌለው ክምር እንዴት እንደሚሠራ አሳይሻለሁ።»

እንዲህ ሆኜ ነው ያን ሞኝነት የሠራሁት።

ማሾ የሚወቃው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው፤ ቅርፊቱ ደርቆ በበሬ ኮቴ እንዲፈነዳ። ይህን በቆላው የማያውቅ የለም። እኔ ግን ረቡዕ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ነዶው የሌሊቱን እርጥበት እንደያዘ፣ አውድማው ላይ ስስ አድርጌ በተንኩት። እርጥብ ቅርፊት አይወረውርም። በአውድማው ዳር ዙሪያውን ሸራ አነጠፍኩ፤ ቤት ውስጥ በየዓመቱ እየተጨመረ የተጠራቀመ ደህና ሸራ ነበረን፣ ሚስቴ ነበረች የምታመጣው። በሬዎቹ ቀስ እንዲሉ አዘዝኩ። ጅራፍ ከለከልኩ።

በሬዎቹን የሚነዳልኝ ከሠፈራችን በላይ ካለው ከክርስቲያኖቹ መንደር የሆነ ጎረቤቴ ነው። ወንፈል አለን፤ የሱን እኔ እወቃለሁ፣ የኔን እሱ ይወቃል። ማንበብ ስለምወድ በሹፈት የኔታ ይለኛል። ሸራውን፣ እርጥቡን ነዶ፣ ዳር የተጣለውን ጅራፍ አየና በሬዎቹን ይዞ ቆመ።

«የኔታ፣ ልንወቃ ነው ወይስ ልናስተኛው ነው?»

ንዳ አልኩት። ነዳ። በሬዎቹ ሣር እንደሚረግጡ ረገጡ። ዙረው ዙረው ፀሐይ ወጣች፤ ነዶውን በመንሽ ገልብጠን ብናይ ከሥሩ ያገኘነው ሁለት እፍኝ ማሾ ነው። ፍንጣሪ የለም፤ እውነት ነው። ክምርም የለም። በዚህ መሐል አንደኛው በሬ ሸራው በንፋስ ሲርገበገብ ደንግጦ ዘለለና ኮቴው አንዱን ሸራ ከጫፍ እስከ መሐሉ ቀደደው።

ከዳር ተቀምጠው ይህን ሁሉ የሚያዩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። አጣዬ ቤታቸው ከተቃጠለ ወዲህ እኛ ሠፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ በውቂያ ወራት የሁላችንንም አውድማ እየዞሩ ይቃርማሉ። በሀገራችን ልማድ የአውድማው ባለቤት ውቂያው ሲያበቃ በመንሹ እጀታ በክምሩ ዙሪያ መሬት ላይ ይጭራል። ከጭረቱ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ነው፤ ከጭረቱ ውጭ የወደቀው የቃራሚ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አይጠርገውም።

«አንተ» አሉኝ፣ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ፣ «ዘንድሮ ሸራ ያነጠፍከው ለኔ እንዳይተርፍ ነው?»

ኧረ አይደለም፣ እትዬ፣ ለልጄ የማሳየው ነገር አለ፣ አልኳቸው።

«አሳየሃታ» አሉ። «ባዶ አውድማ አሳየሃት።»

ጎረቤቴ ፊቱን ወደ በሬዎቹ አዞረ። ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ልጄ ግን አልሳቀችም። ቢያንስ አልሳቀችብኝም።

ሐሙስ እንደ ወጉ ወቃን። ሸራውን ሰበሰብኩት። ፀሐይ አውድማውን እስክታግል ጠበቅን፣ ነዶውን አወፈርን፣ ጎረቤቴም ጅራፉን አነሳ። ማሾው መፈንዳት ጀመረ፤ ድምፁ እሳት ላይ እንደሚቆላ እህል ነው። ፍሬው ከበሬው እግር ሥር ወደ መሐል ይከማቻል፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ወደ ዳር ይረጫል። ቆሜ አየሁት። ክምሩን ከፍ ያደረገው እርግጫ የትኛው ነው፣ ፍሬ ያባረረው የትኛው ነው ብዬ ለመለየት ሞከርኩ። አንድ እርግጫ ነው። ሠላሳ ዓመት በዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው።

ገለባው ተለይቶ፣ ክምሩ መሐል ቁጭ ካለ በኋላ ልጄ መንሹን አነሳችና አቀበለችኝ።

«ጭረቱን ይጫሩ፣ አባ።»

ጫርኩ። ጎንበስ ብላ ከጭረቱ ውጭ ያለችውን አንዲት ፍሬ አነሳች፤ ከጭረቱ ውስጥ ካለችው ፍሬ ስንዝር አትርቅም። ይህቺስ የክምሩ ናት ወይስ የፍንጣሪው አለችኝ። ራቅ አድርጌ ሁለተኛ ጫርኩ። ከሱ ውጭም እንደዚያው ከክምሩ እየሳሳ የሚሄድ ፍሬ አለ። ሦስተኛ ጫርኩ። ክምሩ እዚህ ያበቃል፣ ፍንጣሪው እዚህ ይጀምራል የሚባል ቦታ የለም፤ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ባልቴቷ ቁናቸውን ታቅፈው ሦስቱን ጭረት አዩ።

«ሸኽዬ» አሉኝ፣ «ታዲያ እኔ የቱ ጋ ልጀምር?»

ልጄ ሳቀች፤ ከዚያ እኛ ተመራማሪዎቹም እንደዚሁ ነው የምንጣላው አለችኝ። ብርሃኑም ከአውራው ጀምሮ እየሳሳ ነው የሚሄደው። አንዱ ተመራማሪ ጠጋ አድርጎ ይጭርና ብትኑ ብዙ ነው ይላል። ሌላው አርቆ ይጭርና ትንሽ ነው ይላል። ጭረቱ የሰው ነው፤ ሰማይ ላይ የለም። ስለዚህ አሁን አሁን ብዙዎቹ ሁለቱን ደምረው፣ እንደ አንድ ነገር ነው የሚለኩት። መቼ ምን ያህል እንደተበተነ ግን ገና አልተስማሙም፤ አውራው ቀድሞ አድጎ ብትኑ ኋላ በዛ የሚሉ አሉ፤ እሷም የምትሄደው ለዚህ ነው።

የማይታወቅ ነገር እንዳለ መናገሯን ወደድኩላት። ሁሉን አውቃለሁ ብትል አላምናትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እሷ አይደለችም ያሳየችኝ። ለባልቴቷ በመካከለኛው ጭረት እንዲጀምሩ ነገርኳቸውና እኔ ራሴ በጉልበቴ ተንበርክኬ ከዳር አንድ እፍኝ፣ ከክምሩ አንድ እፍኝ አነሳሁ። ሁለት ማሳ ነው ያለኝ። የታችኛው ከሮቢ ወንዝ ውኃ ይጠጣል፤ ማሾው ደንደን ያለ፣ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የላይኛው ዝናብ ጠባቂ ነው፤ ፍሬው ትንሽ፣ ቀላልና ደብዛዛ ነው። በክምሩ እፍኝ ውስጥ ያለው አብዛኛው የታችኛው ማሳ ነው። በዳሩ እፍኝ ውስጥ የላይኛው ይበዛል። ከባዱ ከበሬው ሥር ወደ መሐል ሰምጧል፤ ቀላሉ ገና በመጀመሪያው እርግጫ ተሰብሮ ወደ ዳር ሄዷል። ማንም ሳይነግረኝ ከፍሬው መልክ ብቻ ማን ከየት እንደመጣ አወቅሁ።

ጠራኋትና ሁለቱን መዳፌን አሳየኋት። እጄን ይዛ ፍሬውን በጣቷ እየለየች አየች።

«ቀኑን ሙሉ የምሠራው ይህን ነው» አለች። «የብርሃኑን ቀለም አይቼ ከየትኛው ዓይነት ጋላክሲ እንደወጣ መለየት። ከባዶቹ መሐል ድረስ ሰምጠው ነው የሚፈርሱት። ከዳር ያለው ብርሃን የትንንሾቹ ነው።»

ያንጊዜ ገባኝ። እንደ ገባኝም ነገርኳት፤ ገብቶኝ አልገባኝም ማለት ውሸት ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ቤታቸው ከፈረሰ፣ አውራውም ካልያዛቸው፣ ለምን ጨርሰው አይጠፉም? ምን ይይዛቸዋል?

አውድማውን አሳየችኝ። አውድማችን በእበት የተለቀለቀ ነው፤ መሐሉ በዘመናት እርግጫ ትንሽ ጎድጉዷል። ባዶውን ስታየው ጉድጓዱ አይታወቅም። ፍንጣሪው ሲያርፍበት ግን ፍሬው የጎደጎደውን ተከትሎ ስለሚተኛ ቅርጹ ይወጣል። ዘለላውንም አንድ የማይታይ ትልቅ ክብደት ነው የያዘው አለች፤ ክምሩንም ፍንጣሪውንም አንድ ላይ። የተበተኑት ኮከቦች ከጋላክሲያቸው ወጡ እንጂ ከዚያ ክብደት አልወጡም፤ ዛሬም እሱኑ ይዞራሉ፤ እንዲያውም የማይታየው ክብደት ምን እንደሚመስል የምናውቀው በነሱ ነው።

ስለ ወንድሟ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ሁለታችንም ግን ያሰብነው እሱን ነው።

ማታ ራት ስንበላ ለሚስቴ የተቀደደውን ሸራ ነገርኳት፤ ከገዛሽበት ሱቅ ሌላ ይገኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሚስቴ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። ጎርሳ፣ ውኃ ጠጥታ፣ አየችኝ።

«ሸራ ገዝቼ አላውቅም» አለች። «በየጥቅምቱ በሚኒባስ ይልካል። ከጀውሃ። ለአውድማ ይሆናችኋል እያለ።»

ሰባት ሸራ ነው ያለን። ፍንጣሪ ለማጥፋት ዙሪያውን ያነጠፍኩት እነዚያን ነው። ልጄ ከሣህኗ ቀና አላለችም፤ እሷም ታውቅ ነበር። በቤቱ ውስጥ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያላወቅሁትም ማንም እንዲነግረኝ መንገድ ስላልሰጠሁ ነው። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ቤት ያቆምኩት በጥብቅነት ነው፤ መጽሐፉም፣ ማሳውም፣ የልጆቼ ትምህርትም የመጣው ከዚያ ነው፣ አልክደውም። የበኩር ልጄን ያስወጣውም እሱው ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን የሰነፍ ጥፋት ልል አልችልም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ምርቱን ልንሰፍር አውድማው ላይ ተሰበሰብን። በየዓመቱ ዘካውን የማወጣው ከክምሩ ብቻ ነው። ዘንድሮ ባልቴቷ የቃረሙትንና ሣር ውስጥ የገባውን በግምት ደምሬ በሁለቱ ልክ አወጣሁ፤ ይህ ግዴታ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ያወቀ ያርመኝ። ከዚያ ልጄን ጠርቼ አጠገቤ አቆምኳት።

«ኮከብ እንኳ ቤቱን አይለቅም እል ነበር» አልኩ፣ ጎረቤቴም ባልቴቷም እየሰሙ። «ስህተት ነው። እዚሁ ቆሜ የተናገርኩት ስለሆነ እዚሁ ቆሜ አነሳዋለሁ።»

እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግሁላት። መንገዷን እንዲያቀና፣ ከማያውቋት ሰዎች መሐል እንዲጠብቃት፣ የማታውቀውን አውቃለሁ ከማለት እንዲያድናት ለመንኩ። ባልቴቷ አሚን አሉ። ጎረቤቴ አሜን አለና የኔታ ሲመርቁ እንደሚያስተምሩት ያስረዝማሉ ብሎ በሬዎቹን ፈታ። ልጄ እዚያው ክምሩ አጠገብ ተቀምጣ በስልኳ መልሷን ላከች።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ መናኸሪያ ወስጄ የአዲስ አበባ መኪና አሳፈርኳት። ስትወጣ ትከሻዬ ላይ የነበረውን የተቀደደ ሸራ ጥቅል በመዳፏ መታ አደረገችው። መኪናዋ ወደ ደቡብ ሲሄድ እኔ አስፋልቱን ተሻግሬ በሰሜን በኩል የሚሄደውን ሚኒባስ ያዝኩ።

በመንገዱ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ረጅም ነው፤ ምክርም አለበት። ጀውሃ ስደርስ ሸራ ሰፊ የት ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ከምግብ ቤቶቹ ጀርባ፣ መኪና በሚያድርበት ሜዳ ላይ አሳዩኝ። ልጄ መሬት ላይ ተቀምጦ ትልቅ መርፌ ይዞ ይሰፋል። ጢም አብቅሏል። ሲያየኝ መርፌውን ሳይለቅ ተነሳ።

ጥቅሉን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«በሬ ረግጦት ተቀደደ» አልኩና ሰጠሁት።

ዘረጋው። የራሱን ስፌት በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ቅዳዱን ለካ።

«ይቀመጡ፣ አባ» አለኝ አሮጌ ጎማ እያሳየኝ። «ይሰፋል።»

ተቀመጥኩ። ሸራውን ሲገለብጠው ረቡዕ ዕለት እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ የቀረ ማሾ ረገፈና ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ተበተነ። ልጄ ሥራውን አቁሞ ጎንበስ አለ፤ አንድ በአንድ ለቀመና ኪሱ ከተተው።